ቢጫ ኮፍያ ያደረጉት ወይዘሮ

የተሳፈሩበት የሽርሽር መርከብ በኩሺኖ ወደብ ለግማሽ ቀን ሲያርፍ፣ ታትሱዎ ጉልበቱን ስላመመው ሚስቱ ኪኑዮ ብቻዋን ወርዳ ከተማዋን ትዞር ጀመር። ደረቅ ዓሣ ስትመርጥ የመንገዱ ድምጽ ማጉያ ተናገረ።

«የሰባ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ኪኑዮ ጠፍተዋል። ቢጫ ኮፍያ አድርገዋል።»

ሻጯ ኮፍያዋን አይታ ሳቀች። «እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው! ባልዎ ግማሽ ቀን እንኳ ያለ እርስዎ መቆየት አቃታቸው?»

«እሱ ካልሲውንም ያለ እኔ አያገኝም» አለች ኪኑዮ፤ አፍራ ግን ወደ ወደቡ ፈጠነች።

መንገድ ላይ ሳለች ማጉያው እንደገና ተናገረ። «ወይዘሮ ኪኑዮ ተገኝተው ከባለቤታቸው ጋር ናቸው። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።»

ስትደርስ መርከቡ ገመዱን ፈትቶ ነበር።

«ታትሱዎ!»

ባሏ ከላይ ሆኖ፣ ለማያውቀው ሸኚ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እጁን አውለበለበላት። ከጎኑ የቆመችው፣ ቁርጥ እሷን የምትመስለው ባለ ቢጫ ኮፍያ ግን፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ዝቅ ብላ እጅ ነሳቻት።