ሦስት አሰልጣኝ ቀጥረን አንዱን ማሰናበት ያቃተን ጊዜ

«አዲሱ አሰልጣኝ እኔ ነኝ!»

«አንተ ደግሞ ማነህ? እኔ ነኝ እንጂ!»

«ወላሂ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል... የጠሩት እኔን ነው!»

ሦስት ጎልማሶች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከየጭነት መኪናቸው ወርደው ኳስ ሜዳው ላይ ተገናኙ። የለበሱት አቧራ ቢራገፍ አንድ ቤት ያስመርጋል።

ሜዳው መሀል ደግሞ አሮጌው አሰልጣኝ አምባው ልጆቹን እያስሮጠ ነው...

መባረሩን ማንም አልነገረውማ!

ጉዱን ከሥሩ ልንገራችሁ ልጆቼ...

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከተማችን ጭሮ ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው።

ቡድናችን ከላይኛው ዲቪዚዮን ወደ ታችኛው ወረደ። በመጨረሻው ጨዋታ ዳኛው ጎል ሲቆጥር ጣቱ አልቆበት የመስመር ዳኛውን ጣት ተዋሰ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ከተማው ደከመው። አምባውማ በአንድ ክረምት ሽበት ወረሰው።

«ደክሞኛል ረዲያ» ይለኝ ነበር።

«ታዲያ አትተወውም?»

«ዛሬ ብተወው ልጆቹ ነገ ይበተናሉ። የሚረከበኝ ይምጣ... እነሱም ፊቴ ቆመው ‹በቃህ› ይበሉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ባሌ ታጁዲን የቡድኑ ሊቀመንበር ነው።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው እኛ ቤት፣ በርጫ ላይ ነው። ጫቱም ከኛ፣ ስልኩም ከኛ። ስልክ ስላችሁ ደግሞ የኪሳችሁ እንዳይመስላችሁ... እጀታውን ለማዞር ሁለት ወጠምሻ ይፈልጋል።

በርጫው ላይ ከሰዓት የጫቱ ምርቃና ይመጣል። ያኔ ሁሉ ነገር ቀላል ነው... ተራራ ይናዳል፣ ዋንጫ ይመጣል።

ማታ ምርቃናው ሲወርድ ተራራው ተመልሶ እቦታው ቁጭ!

ሰኞ ከሰዓት «አምባው ይቀየር! የገለምሶው አሰልጣኝ አብዱልቃዲር ይምጣ!» አሉ።

«አቦ እሱ ከመጣ ጨረስን!»

ታጁዲን ስልኩን አዞረ። መስመሩ እንደ ልማዱ ይንኮሻኮሻል፤ የሩቁ ሰው አይሰማም። እንዲህ ሲሆን መሀል ያለው የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበር ቃሉን ከዚህ ተቀብሎ ወዲያ የሚያስተላልፈው።

«አሮጌውን አባረነዋል፣ ቶሎ ና በለው!» ታጁዲን ይጮኻል።

ሠራተኛው ቃሉን አንድ በአንድ ተቀበለ...

«አሮጌውን አባረነዋል፣ ቶሎ ና ይልሃል» ብሎ ለገለምሶ አስተላለፈ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ራሱን ይዞ...

«ማን ነው የደወለው?»

«እኔንጃ። ተወው፣ አይመጣም።»

ከሰዓት ምርቃናው ሲመለስ የሚኤሶውን ቀጠሩ። በሦስተኛው ቀን የአሰቦቱን!

«ለአምባውስ ማን ነገረው?» አልኳቸው።

«በድሪ ይነግረዋል» አለ ታጁዲን፣ ጎኑ ወደተቀመጠው የኮሚቴ አባል እየጠቆመ።

«እኔ?! ልጄን ኳስ ያስያዘው እሱ! ዘገየ ይንገረው።»

«በምን አፌ? የልጄ የክርስትና አባት እኮ ነው!» አለ ሌላው የኮሚቴ አባል ዘገየ።

እንዲህ ሲገፋፉ ነው ቅዳሜ የደረሰው...

ኮሚቴው ሜዳው ዳር ተኮልኩሎ ወርቅ እንደጠፋበት ሰው መሬት መሬት ያያል።

አብዱልቃዲር ወደ አምባው ሄደ።

«እርስዎ ማን ይባላሉ?»

«አምባው እባላለሁ። እንኳን ደህና መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?»

አብዱልቃዲር ክው አለ።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ... በስልክ ‹አሮጌውን አባረነዋል› ያሉኝ እርስዎ ነዎት!»



ለካ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ራሱ አምባው ነው!

ጠዋት ልጆቹን ያሠለጥናል፣ ከሰዓት ስልክ ቤት ይገባል። ይሄን ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ባሌም ያውቃል። ግን በምርቃና ሰዓት ገለምሶ ድረስ የሚያይ ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን ከየት ያስታውሰው!

የገዛ ስንብቱን በገዛ አፉ... ለሦስት ከተማ... አንዲት ቃል ሳያጎድል።

ታጁዲን ላብ በላብ ሆነ።

«አንተ ሰውዬ... መስመሩ ተበላሽቷል ብትለኝ ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ልጆቹ ሰው ያስፈልጋቸዋላ። ከእኔ የሚሻል ካለ ይምጣ ብዬ።»

«ታዲያ ካወቅህ እስከ ዛሬ ለምን ሜዳ ትመጣለህ?»

«አላሰናበታችሁኝማ! እኔ ያስተላለፍኩት ለእነሱ የተባለውን ነው። ለእኔ የተባለ ነገር አልሰማሁም።»

የሚኤሶውና የአሰቦቱ ሻንጣቸውን አነሱ።

«ይሄን ሰው ፊቱን ማየት ያቃታችሁ... ነገ እኛንም በስልክ ነው የምታባርሩን!» ብለው መኪና ፍለጋ ሄዱ።

አብዱልቃዲር ቆመ።

«እኔ እሠራለሁ። መጀመሪያ ግን ንገሯቸው። አሁን፣ እዚሁ፣ ልጆቹ ፊት።»

ያ በምርቃና ተራራ የሚንድ ባሌ ኮፍያውን አውልቆ አምባው ፊት ቆመ።

«አምባው... በቃህ ወንድሜ» አለ። «ደከምክልን። ቀድመን ልንነግርህ ይገባ ነበር... አፈርንህ።»

አምባው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ለአብዱልቃዲር አስረከበ... የትኛው ቁጡ እንደሆነ፣ የትኛው ሳይበላ እንደሚመጣ።

ከዚያ ሜዳው ዳር ሄዶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ዓመት ኳስ ሜዳ ላይ ቆሞ እንጂ ተቀምጦ አይተነው አናውቅም ነበር። ጫማውን አወለቀ፣ እግሩን ዘረጋ...

በዚያ ዓመት ቡድናችን ዋንጫ በላ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል።

አልበላም! እንደውም ጭራሽ ባሰብን።

አምባው ግን እንደማንኛውም ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ አዲሱን አሰልጣኝ ሲሳደብ ከረመ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም!

ልጆቼ... ሰውን ከሥራው ማሰናበት ነውር አይደለም። ነውሩ ለአገር ሁሉ አውርቶ ለባለቤቱ አለመንገር ነው። የደከመ ሰው ቢያንስ ፊት ለፊት «በቃህ፣ አረፍ በል» መባል አያንሰውም።

እናንተ በአምባው ቦታ ብትሆኑስ... መልእክቱን ታስተላልፉት ነበር ወይስ «መስመሩ ተበላሽቷል» ትሉ ነበር?

እውነቱን ብቻ... ኮመንት ላይ ጻፉልኝ!