የትናንቱ ዶሮ

በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ላፍቶ ውስጥ ባለ አንድ ቀበሌ፣ የአብዮት ጥበቃ አባላት ምሳ እየበሉ ወደቁ። ሞልቱ ሳህኑ ላይ አስታወከ። ላቀው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንፈራገጠ። ከናዝሬት ግዳጅ የተመለሰው በዚያው ጠዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ገና ምሳ ያልቀመሰው አዛዣቸው ሮበሌ ወጥ ቤት ገብቶ ምግብ አብሳይዋን ውብነሽን በፀጉሯ እየጎተተ አወጣት። እነዚሁ ሰዎች ወንድሟን ከረሸኑት ወር አልሞላውም።

«መርዙን ማን ሰጠሽ?»

«የምን መርዝ፣ ጓድ ሮበሌ? እኔ የማውቀው ወጥ መሥራት ነው።»

እጅና እግሯን አስሮ ገለበጣት። ውስጥ እግሯን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፈው። ቆዳው ተገሸለጠ፤ ደሟ ግድግዳው ላይ ተረጨ። አፏ ውስጥ ጨርቅ ስለጠቀጠቀባት ጩኸቷ አልተሰማም። ጨርቁን አውጥቶ ደግሞ ሲጠይቃት አልናገር ስትለው ሽጉጡን አቀባብሎ ግንባሯ ላይ ደገነ።

የሠፈሩ ጤና ረዳት አስቴር የደረሰችው ይኼኔ ነው። ጎንበስ ብላ የሞልቱን ግንባር ዳሰሰች። ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል።

«ትኩሳት አለው» አለች። «ትናንት ምን በላችሁ?»

«ዶሮ» አለ ሞልቱ እያቃሰተ። «ከለቡ ገበሬዎች የነጠቅነውን። ራሳችን ጠበስነው።»

«በስሎ ነበር?»

«አጥንቱ ጋ ደም ነበረው። ርቦን ነበር።»

«ቢላዋውንስ አጠባችሁት?»

«በዚያው ቲማቲም ከተፍንበት።»

አስቴር ወደ ሮበሌ ዞረች። «ሳልሞኔላ ይባላል። ጥሬ ዶሮ ላይ የሚገኝ ጀርም ነው። ዛሬ የበሉት ነገ ነው የሚያጣድፈው፤ የዛሬው ወጥ ምንም አላደረገም። ዶሮው ውስጡ ድረስ ካልበሰለ፣ እጅና ቢላዋ በሳሙና ካልታጠበ፣ እንዲህ ሰው ይገድላል። እርስዎም በልተዋል?»

ሮበሌ ሽጉጡን አወረደ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንድ ጭን» አለ ሆዱን እየዳበሰ።

«እንግዲያው ውሃ አፍልተው፣ ሲቀዘቅዝ ጨውና ስኳር ጨምረው ይጠጡ። ለሞልቱም ይስጡት። ካሁን በኋላ ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋ ሰላጣ አይንካ።»

ሮበሌ ውብነሽ የታሰረችበትን ገመድ በገዛ እጁ ፈታ። «ውሰጃት» አለ ቀና ብሎ ሳያያት።

ውብነሽ መቆም ስላልቻለች አስቴር አዘለቻት።

የግቢውን በር እንዳለፉ አስቴር ወደኋላ ሳትዞር፣ «የቀረሽ መርዝ ካለ ዛሬውኑ ሽንት ቤት ጨምሪው» አለቻት።