መሬት ያልነካው ኳስ

ሀሴት ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር... ለእናቷም፣ ለጓደኞቿም።

«እኔን የሚገርመኝ ይሄ ሰውዬ ነው!» አለ አሌክስ፣ ስልኩን ስታፍ ላውንጅ ውስጥ ለተቀመጡት መምህራን እያዞረ እያሳየ።

«የአሜሪካ ፉትቦል... እሺ ይሁን። ግን አዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱትን? ማን ያነበዋል ብሎ ነው በአማርኛ የሚጽፈው?»

«ደግሞ እዚሁ ዲላ ነው አሉ ያለው» አለች ሀኒ።

«እሱማ ያስታውቃል! "ሜዳው የጪጩን ገበያ ግማሽ አያክልም" ይላል እኮ። ሥራ ፈት!»

ሁሉም ሳቁ።

ሀሴትም አብራ ሳቀች...

ሻይዋን ግን ሳትጨርስ አስቀመጠችው።

ምክንያቱም ያ «ሰውዬ» እሷ ነበረች።

ሀሴት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስታቲስቲክስ ታስተምራለች። ከክፍል ውጪ ድምጿ አይሰማም። «ወራጅ አለ» ማለት አፍራ ሰፈሯን አልፋ የሄደችበት ቀን አለ።

ጨዋታውን ስልኳ ላይ ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። እንቁላል መሳይ ኳስ ታቅፈው ይሮጣሉ። ሜዳው ጠባብ... ዳርና ዳሩ በስፖንጅ የተሸፈነ ግድግዳ... ከጎሉ ግራና ቀኝ የተወጠረ መረብ። ኳሱ መረቡን መትቶ ሲመለስ ጨዋታው አይቆምም። መሬት ሳይነካ የቀለበው ሰው ይዞት ይሮጣል።

ይህቺን ሕግ ወደደቻት።

ስምም ፎቶም የሌለው ገጽ ከፈተች። የምትጽፈውን ሁሉ በአንድ አባባል ትዘጋዋለች... «መሬት ካልነካ አልሞተም!»

ተከታዮቿ ጥቂት ነበሩ። «ወንድማችን» ይሏታል፣ «ብሮ» ይሏታል። አንድ ቀን እንኳ አላረመቻቸውም።

ያን ሰሞን መጪው ሲዝን ሊጀመር ተቃርቦ ነበር። የትኛው ቡድን ከተማ ቀየረ፣ ማን አዲስ ገባ፣ መክፈቻው የማንና የማን ነው... ሁሉንም ጽፋ ጨርሳለች።

ከላውንጁ ወጥታ ቤቷ ገባች። የጻፈችውን ትታ ሌላ ለጠፈች።

«ውድ ተከታታዮች፣ መጪውን ሲዝን አንዘግብም። ገጹም በቅርቡ ይዘጋል። ይቅርታ።»

ስልኳን ትራስ ስር ከተተችው።

የተከራየችው ክፍል ከአከራዮቿ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከሰዓት ከሰዓት ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ነገር ይመታል... ደፍ... ደፍ... ደፍ። ፈተና ስታርም ራሷን ያዞራታል። ሄዶ «እባካችሁ» ማለት ግን... ማን? እሷ?

ገጹ እንደሚዘጋ ባስታወቀች ማግስት ግድግዳው ዝም አለ።

በሚቀጥለውም ቀን ዝም።

«ተመስገን» አለች በሆዷ።

አመሻሽ ላይ አከራይዋ እትዬ ሳዕዳ በሯን አንኳኩ።

«ሀሲዬ፣ ወላሂ አፍሬ ነው የመጣሁት።»

«ምነው እትዬ? ይግቡ እንጂ!»

«ሚክዳድ ምግብ እምቢ አለኝ።»

ሚክዳድን አይታው አታውቅም። የአባቱን አይሱዙ ይነዳ እንደነበር፣ ከኢዲዶ መንደር ሲመለስ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ከክፍሉ እንደማይወጣ ብቻ ሰምታለች።

«ያቺን ኳስ አቅፎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አባቱ ቢለምነው፣ ቢቆጣው... ወይ ፍንክች!»

«የቷን ኳስ?»

«እንቁላል የምትመስለዋን! እህቱ ሰፊያ ናት ከአዲስ አበባ ያመጣችለት። ተኝቶ ግድግዳ ላይ ሲያነጥራት ትሰሚው የለ? ልጅቷን በጠበጥናት እያልኩ ስንቴ ልመጣ ነበር።»

ሀሴት ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ስልኩ ላይ አንድ ገጽ አለች አሉ። ኳስ ታቅፈው እየሮጡ ግድግዳ ላይ የሚላተሙ... ሥራቸው ያውጣቸው! እሱ ግን ሰውዬው በጻፈ ቁጥር ይስቃል። "ሲዝኑ ሲጀመር ሳሎን ወጥቼ ነው የማየው፣ ሶፋውን አስተካክሉልኝ" ብሎን ነበር። ይኸው ያ ሰውዬ ዘጋሁ አለ።»

ሀሴት ስልኳን ከጀርባዋ ደበቀች።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። ፈልጊልኝ እስቲ ሰውዬውን። አንዲት እናት ለመነችህ በይልኝ።»

«እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች...

ፊቷ ጋለ።

«እ... እሞክራለሁ እትዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ግድግዳው አጠገብ ቆመች።

ሰው ፊት መቆም ቢያቅታት፣ ግድግዳ ፊት መቆም አላቃታትም።

በጡጫዋ መታችው። ደፍ... ደፍ።

«ሚክዳድ... ሁለት አዲስ ቡድን ገብቷል። መክፈቻው ቅዳሜ ነው። ሙሉውን ዛሬ እለጥፈዋለሁ።»

ግድግዳውን ደግማ መታችው።

«መሬት ካልነካ አልሞተም።»

ከወዲያ ማዶ የአልጋ ሲጢጢታ ተሰማ። ከዚያ...

«ሰውዬው... አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አዎ። ሰውዬው እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ሳቅ ሰማች። ቀጥሎ...

ደፍ!

«እማ! ቁርስ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

ይህን የምታነቡት እዚያው ገጽ ላይ ነው። አልዘጋችውም። «ወንድማችን» የምትሏት ልጅ ይህንንም የለጠፈችው ፊቷ በእፍረት እንደጋለ ነው።

ወዳጆቼ... ሰው ሲስቅብን ሥራችን ትንሽ ይመስለናል። የሚስቁትን እናያቸዋለን፣ በሥራችን ተጽናንቶ የሚውለውን ግን አናየውም። ከግድግዳው ወዲያ ነዋ!

እናንተስ... ሰው ስለሳቀባችሁ ብቻ የተዋችሁት ነገር ምንድን ነው? ዛሬም የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስላችኋል? እስቲ ከታች ጻፉልን... ሚክዳድም ያነበዋል።