ምን ይላል?

ረቡዕና ዓርብን የምትጾም ልጅ፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚመስል የዘፈን ጩኸት ምን ያደርግላታል? ሴት አያቷ ቢጨነቁ ቢጠበቡ መልስ አጡ። በስልኳ ላይ ከዘፋኞቹ ጀርባ መስቀል ሲነድ ያዩ ዕለት ግን ደማቸው ፈላ፤ ማዳመጫውን ከጆሮዋ መነጨቁት።

«በይ ተርጉሚልኝ! ፈጣሪን ምን ይለዋል?»

የልጅ ልጃቸው ትክ ብላ አየቻቸው። «‹ደጅህን የጠናሁት ልጄን እንድትቀማኝ ነው? ከእንግዲህ ስምህን አልጠራም!› ይላል።»

በጥፊ አጮሏት። «ይህን ያለ ምላስ ይቆረጥ!»

«ተይ እምዬ፣ ራስሽን አትርገሚ። ዘፈኑ በጀርመንኛ ነው፤ አንዲትም ቃል አትገባኝም። በሰማሁት ቁጥር የሚመጣብኝ እናቴን የቀበርን ቀን አንቺ የጮኽሽው ነው።»

አያቷ ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ ከቤት ወጡ።