የዲቢስ ምድጃ

ዘሊካ በሱዳን ዋና ከተማ፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር በአንድ ቪላ ውስጥ ለዓመታት ስትሠራ ኖረች። አብዮቱ ሲፈነዳ አሠሪዎቿ በራቸውን ቆልፈው ግብፅ ገቡ፤ የወሎዋ ልጅ ከነሻንጣዋ መንገድ ላይ ቀረች። የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማም በእነሱ ስም የወጣ ነበርና እነሱ ሲሄዱ ዋጋ አጣ።

ቡሪ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ከነጓሮው ያከራየቻት ሉጥፊያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሱዳናዊት ናት። ሉጥፊያ ሂሻም የሚባል አንድ ልጅ አላት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አደባባይ ተቀምጦ ወታደሮቹን ሲቃወም የሰነበተው ሕዝብ በተኩስ ከተበተነ ወዲህ ግን ማንም አላየውም። "ፖርት ሱዳን አጎቱ ዘንድ ልኬዋለሁ" ትላለች እናቱ።

ዘሊካ ከቪላው የተማረችው አንድ ሙያ ነበር፤ ዲቢስ ማፍላት። ቴምር ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፤ ከዚያ ውሃው ተንኖ እንደ ማር እስኪወፍር በእሳት ይነጠራል። ምድጃውን ያረጋል ሠራላት። ያረጋል የጎጃም ልጅ ነው፤ ሊቢያ የሚያሻግረው እስኪያገኝ ግንበኛ ሆኖ የቀን ሥራ ይሠራል። በቀይ ጡብና በጭቃ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ምድጃ ገነባና አፉን ወደ ነፋሱ አዞረው። በወዲያኛው ጫፍ በርሜል በበርሜል ላይ ደርቦ ከአጥሩ በላይ የሚታይ ጭስ ማውጫ አቆመ። ኦምዱርማን ገበያ ያስቀጠቀጡትን ሰፊ የብረት ትሪ ከላይ አጋደሙበት። ቀጭኑ ጭማቂ በአንድ በኩል ይገባል፤ በእሳቱ ላይ እየተጓዘ በሌላው በኩል ጠቁሮና ወፍሮ ይወጣል።

"ትሪው እንዳይደርቅ፤ ከደረቀ ያርራል" አላት ያረጋል። "ጭማቂውም በዚህ ሙቀት እንዳይቆይብሽ። የቦካ ቴምር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። የቦካ ቴምር የአረቄ ጥንስስ ነው። አረቄ ደግሞ ከሻ ነው፤ ፖሊስ ከቤት አፍሶ ይወስዳል፣ ከዚያ ጅራፍ አለ፣ እስር አለ።

የመጀመሪያው ሰሞን በሰላም አለፈ። ዲቢሱም ተወደደ። ከዚያ የሉጥፊያ ነገረ ሥራ ተለወጠ።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አሁን ለኩሺ" ትላለች አንዳንዴ፣ ቴምሩ ገና ሳይጨመቅ። አንዳንዴ ደግሞ ትሪው ሞልቶ ሳለ፣ "ቆይ፣ እኔ ሳልነግርሽ ክብሪት እንዳትጭሪ" ትላለች። እርጥብ እንጨት ራሷ ተሸክማ እያመጣች ምድጃው ውስጥ ትጨምራለች፤ ጭሱ ጥቁር ሆኖ ይጥመለመላል።

"ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እርጥብ እንጨት ጣዕሙን ያበላሸዋል እኮ!"

"ማሌሽ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

ይህን ብላ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። ዋናውን መንገድ ስትቃኝ ትቆያለች። ብቻዋን የምትኖር ሴት በየቀኑ ትልቅ ድስት ፉል ትቀቅላለች፤ በባልዲ ከድና ይዛ ትወጣና ባዶውን ይዛ ትመለሳለች።

ዘሊካ ይህን ሁሉ ለያረጋል ነገረችው። ፊቱ ጠቆረ።

"ይቺ ሴትዮ ጆሮ ጠቢ ናት። ፉሉን ለማን የምታበላ ይመስልሻል? ኬላ ላይ ለቆሙት ወታደሮች ነው! ጭሱንም የምታበዛው 'አረቄ ቤት ይኸውላችሁ' ብላ ልትጠቁምሽ ነው።"

"ታዲያ አትለኩሺ የምትለኝስ?"

"እንዲቦካልሽ ነዋ! ሲቦካ ይዛቸው ትመጣለች።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘሊካን እንቅልፍ አልወሰዳትም። የመኪና በር ሲዘጋ ተነስታ ትቀመጣለች። ሉጥፊያ ፈገግ ስትልላት ደግሞ ፍርሃቷ ይብሳል። ወጥታ እንዳትሄድ የምትሄድበት የላትም፤ ያለ ኢቃማ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ዕጣው ያው ከሻ ነው።

አንድ ቀን ቴምሩን ጨምቃ ትሪውን እንደሞላች ሉጥፊያ ከጣሪያው ወረደች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ዛሬ እሳት የለም።"

"ኻልቲ፣ ሙቀቱን ይመልከቱ፤ ይቦካል!"

"ይቡካ! ክብሪቱን ስጪኝ።"

ከእጇ ነጠቀቻት። ወጥታም የግቢውን በር ከውጭ ቆለፈችው።

ዘሊካ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በቃ። ያረጋል ያላት ደረሰ። ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ጭማቂው አረፋ መትፋት ጀመረ፤ ሽታው መጎምዘዝ ጀመረ። ብትደፋው ግቢው በሙሉ ያንኑ ይሸታል። አጥሩን ብትዘል የት ትደርሳለች? ማስረጃው ትሪው ላይ ተንጣሎ ፖሊሶቹን እየጠበቀ ነው። ማጥፊያው አንድ እሳት ብቻ ነው።

የትናንቱን አመድ በእንጨት ጫረችው። ሥሩ ፍም አለ። ተንበርክካ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያለች፣ ዓይኗ እስኪያነባ እፍ አለችበት። ሉጥፊያ ከተወችው እርጥብ እንጨት በቀር ማገዶ አልነበራትምና እሱኑ ማገደችው። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ ያዘ። ጭሱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጣ። ትሪው መንተክተክ ጀመረ፤ ጎምዛዛው ሽታ ለቀቀ፤ የጣፋጩ ሽታ መጣ። አረፋውን እየገፈፈች፣ ጭማቂ እየጨመረች አነጠረችው።

"አሁን ይምጡ" አለች ለራሷ። "ዲቢስ እንጂ ሌላ አያገኙም።"

በዋናው መንገድ በኩል የመኪኖች ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ተኩስ። ብዙ ተኩስ። ከዚያ ዝም አለ።

የበሩ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። ዘሊካ ጭልፋዋን እንደ ዱላ ጨብጣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

የገባችው ሉጥፊያ ናት፤ ብቻዋን፣ በባዶ እግሯ፣ የራስ ሻሿ ጠርሐ ወድቆ። ዘሊካን አላየቻትም። የውሃውን ባልዲ አንስታ ምድጃው አፍ ውስጥ ደፋችው፤ እንፋሎቱ ሁለቱንም ሸፈናቸው። እጇን ወደ ፍሙ ሰዳ እንጨቱን መጎተት ጀመረች።

"ኻልቲ፣ እጅዎ!" ብላ ጮኸች ዘሊካ።

ሉጥፊያ ቀና አለችና ጭሱ የወጣበትን ሰማይ አየች።

"ሂሻሜ ጭሱን ሲያይ" አለች በቀስታ፣ "እናቴ መንገዱ ሰላም ነው አለችን ብሎ ጓደኞቹን ይዞ ከተደበቁበት ወጣ።"