ከረሜላ የሌለበት ገና

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ሰባት ዓመት ሆነው። አርባ ወላጅ ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት ጋሽ ገሜዳ ከሚባሉ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ነው።

ያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። የተማርኩት ሥነ ምግብ ነው። ዐይነ አፋር ነኝ፤ ከሕፃናት በቀር የማንንም ዐይን ደፍሬ አላይም። የገና ከረሜላ ነገር ግን አላስችል አለኝ። በየዓመቱ ለልጆቹ ከሚታደለው ግማሹ ምን እንደገባበት እንኳ አልተጻፈበትም። የተጻፈበትም ቢሆን ስኳር፣ እንደገና ስኳር፣ ከዚያ በቁጥር የሚጠራ ቀለም ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆች ምላሳቸው ሰማያዊ፣ ጥርሳቸው ጥቁር ሆኗል።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ወረቀት ይዤ ተነሣሁ። 

"ቀለሞቹ አንዳንድ ልጆችን ያቅበጠብጣሉ ተብሎ ይጠረጠራል" አልኩ። "ስኳሩ ደግሞ ጥርስ ይበላል።"

"ከረሜላ እኮ የጾም ነው!" አሉ አቶ መሸሻ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው። "ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ሸዋገነት ብቻ አልሳቁም። በዚያው ሳምንት ሁለት መንጋጋ አስነቅለዋል።

"ዘንድሮ ከረሜላ የለም" አሉ ጉንጫቸውን ይዘው። "ልጆቹ የያዙትም ይሰብሰብና ስቶር ይቀመጥ። በበዓሉ ቀን ወላጅ እያየ እንደፋዋለን። በምትኩ የሚታደለውን አንቺው ትሠሪያለሽ፣ ናዝራዊት። የተናገረ ይሥራ።"

በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ትልቅ ካርቶን ከረሜላ ሞላ። የስቶሩ ቁልፍ ያለው ጋሽ ገሜዳ ጋ ነው።

እኔ መጀመሪያ ቴምርና ሽምብራ አድቦልቡዬ አመጣሁ። ኢሊሊ የምትባል ተማሪዬ አንዱን ነክሳ ቆም አለች።

"ቲቸር፣ ይሄ ለምን በሽታ ነው?"

ቀጥሎ ሱፍ በማር ሞከርኩ። ልጆቹ ጨዋ ስለሆኑ አመስግነው ኪሳቸው ከተቱት። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ የበዓል በግ ሁሉ አጥራችን ሥር ተሰብስቦ ሱፌን ሲበላ አገኘሁት።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀረው። ወይዘሮ ሸዋገነት ባዩኝ ቁጥር "እህስ?" ይላሉ። ቤቴ ሙቀጫ ስላልነበረኝ የትምህርት ቤቱን ተዋስኩ። ጋሽ ገሜዳ እየከፈቱልኝ፣ ስቶር ውስጥ ገብቼ በመክሰስ ሰዓት መውቀጥ ጀመርኩ።

"ሰሊጥሽ ድንጋይ አለው እንዴ ልጄ?" አሉኝ ጋሽ ገሜዳ ከውጭ ሆነው።

"ሰሊጥ ለቀማ ይፈልጋል፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ሦስተኛው ሙከራ ቴምር፣ ሰሊጥና ኦቾሎኒ ነበር፤ ቀላ ያለ ድቡልቡል። ኢሊሊ ሁለቱን በልታ ሦስተኛውን ለእናቷ ደበቀች። ወይዘሮ ሸዋገነትም በደህናው ጉንጫቸው አኘኩ።

"ቅላቱ ከምን መጣ?"

"ቀይ ሥር ነው" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

"ማፈርሽ ደግሞ! ሙያ ያላት ሴት አታፍርም።"

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞላ። ድቡልቡሉ ታደለ። እናቶች አሠራሩን ጠየቁኝ። አቶ መሸሻ ሳይቀሩ ጣታቸውን ላሱ። ያኔ ወይዘሮ ሸዋገነት አጨበጨቡ።

"አሁን ያ መርዝ ይምጣ!"

ጋሽ ገሜዳ ካርቶኑን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው መጡ። ሲደፋ አንድ እፍኝ የማይሞላ አረንጓዴ ከረሜላ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሌላ ምንም የለም።

"የቀረውስ?" አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት።

"እኔ ምን አውቄ።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ።"

"ኪሳቸው ይታይ!" አሉ አቶ መሸሻ ከኋላ።

ጋሽ ገሜዳ የካፖርታቸውን ኪስ ገለበጡ። አንዲት የሚያብረቀርቅ የከረሜላ ወረቀት ወደቀች። 

"ያን ሁሉ በሉት?" አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት።

"በየትኛው ጥርሴ!" ብለው አፋቸውን ከፈቱ። እውነትም ሦስት ብቻ ነበሩ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ወረቀቷን አነሡ።

"ከበዓሉ በኋላ እንዳይመጡ" አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት። "ቁልፉን ያስረክቡ።"

የጋሽ ገሜዳ የልጅ ልጅ ቦንቱ ሁለተኛ ክፍል ናት። በነፃ የምትማረው እሳቸው ዘበኛ ስለሆኑ ነው። ከፊት ተቀምጣ አያቷን አሻቅባ ታያቸዋለች። ጉልበቴ ራሱ አነሣኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። የሰማኝ የለም። ደገምኩት። "እኔ ነኝ ጣሉት ያልኳቸው። ልጆቹ እንደገና ሲያዩት እንዳያምራቸው ብዬ። ወንዝ ውስጥ ደፍተውታል።"

ጋሽ ገሜዳ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ወይዘሮ ሸዋገነት አቀፉኝ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ የባሱት አቶ መሸሻ ነበሩ።

"እንዲህ ያለች አስተማሪ የት ትገኛለች? በይ፣ ከጥምቀት በፊት ሦስት መቶ ፍሬ ለሱቄ ትሠሪልኛለሽ። ከእንግዲህ ከረሜላ አልሸጥም!"

ስወጣ ጋሽ ገሜዳ በሩ ላይ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ለቦንቱ አንዲት ብቻ ነው የወሰድኩት፤ ልጅ ሆና ለምናኝ ነው። የሌላውን እግዜር ይወቅ።"

"ያውቃል ጋሼ" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

በማግስቱ ጠዋት በታክሲ ሳንሱሲ ድረስ ሄጄ፣ ከማያውቀኝ ባለሱቅ አምስት ኪሎ ቀይ ከረሜላና አንድ ሙቀጫ ገዛሁና፣ ቤቴ ገብቼ በሬን ቆልፌ መውቀጥ ጀመርኩ።