የብርጭቆ አጥንት

ዶክተሯ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች፤ እጇን ግን አታነሳም። ሌሎቹን ናሙናዎች ሳሽግ ስታየኝ ነበር። ይህችን ብቻ መጨረሻ ላይ ከቦርሳዋ አወጣቻት።

"ልቀበልሽ?" እላታለሁ።

"ትንሽ ቆዪ።"

ከጎኗ የተቀመጡት እናቷ ናቸው። "ልሸኘው" ብለው ነው አብረዋት የመጡት።

አገራችን ሲንክሮትሮን የላትም። ስታዲየም የሚያህል ክብ ማሽን ነው፤ ከሐኪም ቤት ራጅ እጅግ የበረታ ጨረር ስለሚያወጣ አጥንት ውስጥ ያለች ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ እንኳ አታመልጠውም። ማሽኑ ያላቸው አገሮች ተወዳድሮ ላለፈ ተመራማሪ ተራ ይሰጣሉ። የኛ ቢሮ ሥራ የራሳችንን ሰዎች እዚያ ማድረስ ነው፤ ማመልከቻ እናርማለን፣ ቪዛ እናስጨርሳለን፣ ናሙና እንልካለን። የዶክተሯ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሲሆን እዚሁ ክፍል ውስጥ አብረን ተበሳጭተናል።

ጠርሙሷ ውስጥ ያለው የወንድሟ አጥንት ነው። ከተወለደ ጀምሮ በሽታው አብሮት ነበር፤ አጥንቱ በትንሽ በትልቁ ይሰበራል። ሰፈሩ "ብርጭቆ" ይለው ነበር፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። እግሩ ውስጥ ብረት ሲገባለት የተነሳችውን ስባሪ ለእህቱ ጥናት የሰጠው በፈቃዱ ነው። እዚህ መጥቶ ሲፈርም፣ "እኔ ታክሲ መሳፈር አቅቶኝ አጥንቴ በአውሮፕላን ሊሄድ ነው" ብሎ አስቆኛል። ተራ ማግኘታችንን የሰማነው ባለፈው ወር ነው። በሳምንቱ ሳንባ ምች ወሰደው።

"ይመለሳል?" ይላሉ እናትየው።

ዶክተሯ ወደ እኔ ታያለች። መልሱን ከኔ በላይ ታውቀዋለች፤ የምመልሰው ግን እኔ ነኝ።

"ጨረሩ ያጠቁረዋል፣ እማማ። ሊፈረካከስም ይችላል። የተረፈውን እንዲመልሱልን እጠይቃለሁ፤ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል ልገባልዎ አልችልም።"

እጃቸውን ይዘረጋሉ። ዶክተሯ ጠርሙሷን መዳፋቸው ላይ ታኖርላቸዋለች። ይጨብጧታል። ናሙናው እንደቀዘቀዘ መቆየት አለበት፤ በረዶው ሳጥኑ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ሁለታችንም አናጣድፋቸውም።

"ያመዋል?"

በዚህ ሥራ ብዙ ተጠይቄአለሁ። ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም።

"አያመውም፣ እማማ።"

"ራጅ ሲያነሱት ነበር የሚያመው። 'ወደዚህ ዙር፣ ወደዚያ ዙር' እያሉ ሲያገላብጡት።"

"እዚያ ማንም አይነካውም። ቀስ እያለ በሚዞር ማስቀመጫ ላይ ይቆማል፤ ብርሃኑ በውስጡ ያልፋል። በቃ ይኸው ነው።"

"ይቆማል" ይላሉ ለራሳቸው፣ ቃሉን እንደመቅመስ አድርገው።

"እማዬ፣ ካልፈለግሽ እተወዋለሁ" ትላለች ዶክተሯ። "የሌሎቹ ይበቃኛል።"

አይበቃትም። ሌሎቹ መድኃኒት ከጀመሩ ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። ያልጀመረ ሰው አጥንት ያላት ይሄ ብቻ ነው፤ ያለ እሱ እነዚያን ከምን ጋር ታስተያያቸዋለች? እንዲህ ስትል ግን ዓይኗ ከእናቷ አይነቀልም፤ የምሯን ነው።

"እሱ ሰጥቶሻል። እሱ የሰጠውን እኔ ምን ብዬ እከለክልሻለሁ?"

ይላሉ እንጂ ጣታቸውን አይፈቱም። ዶክተሯ ወንበራቸው ሥር ትንበረከካለች። ጣቶቻቸውን ቀስ እያለች አንድ በአንድ ትከፍታለች፤ ጠርሙሷን ለእኔ አቀብላ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ትደፋለች። እናትየው ፀጉሯን ይዳብሳሉ።

ጠርሙሷን በረዶው መሀል አስገብቼ ሳጥኑን አሽጋለሁ። ላዩ ላይ ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ።

"ምን ይላል?" ይላሉ።

"ተሰባሪ ነው፣ በጥንቃቄ ይያዝ።"

"የሚያነቡት ከሆነ ጥሩ ነው።"

ሲወጡ መስኮቱ ጋ ቆሜ አያቸዋለሁ። የእግረኛው መንገድ ተጨናንቋል። ዶክተሯ በቀኛቸው ናት። እናትየው ግራ ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ማንም ገፍቶ እንዳይጥልባቸው አንድ ሰው እንደሚከልሉ ሆነው ይሄዳሉ። በዚያ በኩል ማንም የለም። አላፊ አግዳሚው ግን ያንን ባዶ ቦታ እየዞረ ያልፋል።